አራት ዙር ተኩል፣ ከልደታ ሲታይ

ተንሸራታቹ ከበረዶው ተነስቶ ተመልሶ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት አራት ዙር ተኩል ተሽከርክሮ፣ በአንድ እግሩ፣ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ብረት ላይ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ማረፍ አለበት። ኳድ አክስል የሚባለው ዝላይ ይህ ነው። በውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው መስከረም 4 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2022) በኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የሠራው ኢሊያ ማሊኒን ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ትውልዱም ዕድገቱም ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ብዙ አዲስ አበቤ እህት ወይም አጎት ያለውም እዚያው አካባቢ ነው።

ስለዚህ ልጅ ድፍረት ብዙ ተጽፏል። ከአዲስ አበባው ልደታ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ድፍረቱ ብርቅ አይሆንበትም። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታና ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ማታ ማታ ስኬቲንግ ጫማ ያደረጉ ልጆች የአይሱዙ ኋላ ይዘው ሲበሩ ያላየ የለም። ፍሬን ተይዞ መኪናው በድንገት ቢቆም የሚመጣውን ያውቁታል፤ ቢሆንም ይይዛሉ። ለድፍረት ነጥብ የሚሰጥ ውድድር ቢኖር እነዚህ ልጆች ከማንም አያንሱም። ከማሊኒን የሚለያቸው ከእግራቸው ሥር ያለው ወለል፣ ከአንድ ዙር ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት የሚያሻግር ሥርዓት፣ የሚቆጥርላቸውና የሚያርማቸው ሰው ነው። የዓለም ከባድ ዝላዮች ታሪክ በደንብ ከተነበበ ስለ ወለልና ስለ ሕግ የሚተርክ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ይህን የምለው ለከተማችን የሚጠቅም ነገር ስላለበት ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ምን ላይ እንደሆነ እንይ። በፊገር ስኬቲንግ የሚቆጠሩ መሠረታዊ ዝላዮች ስድስት ናቸው፦ ቶሉፕ፣ ሳልኮው፣ ሉፕ፣ ፍሊፕ፣ ሉትዝና አክስል። በአየር ላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሰውየው ክንዱን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ እግሩን አጣምሮ ይሽከረከራል። ልዩነታቸው አነሳሳቸው ላይ ነው። በየትኛው እግር፣ በብረቱ ውስጠኛ ወይስ ውጫዊ ጠርዝ፣ የጫማውን ጫፍ ጥርስ በረዶው ላይ በመትከል ወይስ ያለዚያ። ሉትዝ አስቸጋሪ የሆነው ተንሸራታቹ በአንድ አቅጣጫ ቀስት እየሠራ መጥቶ በተቃራኒው መሽከርከር ስላለበት ነው፤ ሰውነቱ የያዘውን ጉዞ ራሱ ያፈርሰዋል። አክስል ደግሞ ወደ ፊት እያዩ የሚነሱበት ብቸኛው ዝላይ ነው። ሁሉም የሚያርፉት ወደ ኋላ ስለሆነ አክስል ምንጊዜም የግማሽ ዙር ዕዳ አለበት። አንድ ዙር ሲባል አንድ ተኩል ነው፣ አራት ሲባል አራት ተኩል።

እግር መሬት ከለቀቀ በኋላ ማንም ሰው ተጨማሪ የመሽከርከር ኃይል ሊያገኝ አይችልም። ይዞት የተነሳው ብቻ ነው ያለው። ማድረግ የሚችለው ክንዱንና እግሩን ወደ መሀል ሰብስቦ ያንን ኃይል ወደ ፍጥነት መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ በሰከንድ ከአምስት ዙር በላይ። ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢዘል ነው ያንን ሰባት አሥረኛ ሰከንድ የሚያገኘው። ከዚያ በታች ከሆነ ዙሩ ሳያልቅ በረዶው ይደርሳል። ሲያርፍ ደግሞ ያ ሁሉ ክብደትና ፍጥነት በአንድ ጉልበትና በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወድቃል፣ የሰውነቱ ክብደት ተባዝቶ። እንግዲህ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚለማመዱት አስቡት።

አክስል የሚለው ስም የኖርዌያዊው አክስል ፖልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ቪየና ላይ ወደ ፊት እያየ ተነስቶ አንድ ዙር ተኩል ዞረ። ሁለት ዙር ተኩሉን አሜሪካዊው ዲክ በተን በ1948 ኦሊምፒክ አሳየ። ሦስት ዙር ተኩሉን ካናዳዊው ቨርን ቴይለር በ1978 የዓለም ሻምፒዮና ኦታዋ ላይ ሠራ። አራተኛው በ2022 መጣ። አንድ ዙር ለመጨመር በመጀመሪያ 66 ዓመት፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 44 ዓመት ፈጀ። ሦስት ዙር ለመጨመር በድምሩ 140 ዓመት። በአፄ ዮሐንስ ዘመን የተጀመረ ሥራ ነው በእኛ ዘመን አራተኛ ደረጃው ላይ የደረሰው።

በእነዚህ 140 ዓመታት የሰው አጥንትና ጡንቻ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው። የዓለም ሻምፒዮና እስከ 1967 ድረስ ከጣሪያ ውጭ፣ ነፋስና ፀሐይ ባለበት በረዶ ላይ ይካሄድ ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ቤት ውስጥ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በረዶው ለስላሳና እኩል ሲሆን ተንሸራታቹ ወለሉን አምኖ በሙሉ ፍጥነት መምጣት ቻለ። ሁለተኛው ለውጥ በ1990 መጣ። ስፖርቱ ስሙን ያገኘው በረዶ ላይ በብረት ጫፍ ከሚሣሉ ክቦችና ስምንት ቁጥሮች ነው፤ ተወዳዳሪዎች የልምምዳቸውን ትልቅ ድርሻ ለዚህ ሥዕል ያውሉ ነበር። ይህ ግዴታ ሲቀር ያ ሰዓት በሙሉ ወደ ዝላይ ዞረ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1988፣ ካናዳዊው ከርት ብራውኒንግ ቡዳፔስት ላይ የመጀመሪያውን ዕውቅና ያገኘ አራት ዙር ዘልሎ ነበርና መንገዱ ተከፍቶ ጠበቃቸው።

ሦስተኛው ለውጥ ከቅሌት የተወለደ ነው። በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ በጥንዶች ውድድር ዳኞች ተሻርከው ውጤት ሰጥተዋል ተብሎ ዓለም ታመሰ። በዚህ ምክንያት ከፍተኛው 6.0 የነበረው አሮጌ የነጥብ አሰጣጥ ተሽሮ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ዋጋ ያለው ሥርዓት ተተካ። ዛሬ ባለ አራት ዙር ቶሉፕ 9.50፣ ሉትዝ 11.50፣ አክስል 12.50 ነጥብ መነሻ አላቸው። በዚያ ላይ ዳኞች አፈጻጸሙን ከአምስት ሲቀነስ እስከ አምስት ሲደመር ይመዝኑታል፤ ዙሩ ከተወሰነው በላይ ከጎደለ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግማሽ ዙር ከጎደለ ኳዱ፣ ማለትም ባለ አራት ዙሩ፣ እንደ ባለ ሦስት ዙር ይቆጠራል።

ይህ ሒሳብ የልጆችን ሕይወት እንዴት እንደሚመራ ለማየት ወረቀት ላይ ማስላት ይበቃል። ኳድ ሉትዝ አራት ዙሩን ጨርሶ የወደቀ ሰው ከ11.50 ላይ ግማሹን ያጣል፣ ለመውደቁ ደግሞ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። 4.75 ይቀረዋል። ባለ ሦስት ዙር ቶሉፕ ዘልሎ በሰላም ያረፈ ሰው የሚያገኘው መነሻ 4.20 ነው። ስለዚህ ዞሮ መውደቅ ቀላሉን በደንብ ከመሥራት በለጠ። ሥርዓቱ ለሙከራ ዋጋ ሰጠ፤ ልጆችም ሞከሩ። ኳድ አክስል በዚህ ቅጽ ላይ ዋጋ ባይወጣለት ኖሮ ማሊኒን ዓመታት አያፈስበትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩም፣ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ ይህንኑ ዝላይ ሞክሮ ሳይሞላለት ወድቆ አራተኛ ሆነ። እሱ የተነሳው ለነጥብ ብቻ እንዳልነበረ ያየው ሁሉ ይመሰክራል።

ነገር ግን ቁጥር የሚገፋ ሥርዓት ወዴት እንደሚገፋ ካልተጠበቀ አደጋ አለው። በቤጂንግ ሩሲያዊቷ አሌክሳንድራ ትሩሶቫ በአንድ ፕሮግራም አምስት ኳድ ሞክራ ብር ወሰደች፤ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። ከእሷ የሚያንሱ ልጆች ሰውነታቸው ሳይሰፋ፣ ክብደታቸው ሳይጨምር፣ ያንን ጠባብ ጊዜ ለመጠቀም ይሮጡ ነበር። ዓለም አቀፉ ኅብረት በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ለማሳደግ ወሰነ። ትክክል ነበር፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ሩሲያውያኑ በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት በታገዱባቸው ዓመታት ጃፓናዊቷ ካኦሪ ሳካሞቶ 2022፣ 2023 እና 2024ን ተከታትላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ አንድም ኳድ፣ ባለ ሦስት ዙር አክስልም ሳትዘል፣ በፍጥነቷና በንጹሕ አስተራረፏ።

ማሊኒን ራሱም ከዚህ ሒሳብ አላመለጠም። በዲሴምበር 2025 ናጎያ ላይ በግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ሰባቱን ዝላዮቹን በሙሉ በኳድ ሠርቶ ዓለምን አፍ አስከፈተ። ሁለት ወር ቆይቶ በሚላኖ ኦሊምፒክ፣ ሁሉም ወርቁን ለእሱ በሰጠበት ቀን፣ ወደቀ፣ አክስሉንም አንድ ዙር ላይ አቋረጠው፤ ስምንተኛ ሆነ። ወርቁን የወሰደው የካዛኪስታኑ ሚካኢል ሻይዶሮቭ ነው። ከማንም በላይ ማዞር የሚችል ሰው በወሳኙ ቀን ማረፍ አቃተው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የሌላ ዝላይ ታሪክ ነው። የኋሊት ግልብጥ። አሜሪካዊው ቴሪ ኩቢካ በ1976 ኢንስብሩክ ላይ ሠራውና ወዲያው አደገኛ ነው ተብሎ ታገደ። በ1998 ናጋኖ ኦሊምፒክ ጥቁሯ ፈረንሳዊት ሱሪያ ቦናሊ፣ ተጎድታ፣ ሜዳሊያ እንደማታገኝ አውቃ፣ ነጥብ እንደሚቀነስባትም አውቃ፣ በሕዝብ ፊት ተገልብጣ በአንድ እግሯ አረፈች። ዳኞቹ ቀጧት፤ አሥረኛ ሆና ጨረሰች። እገዳው የተነሳው በ2024 ነው፣ ከ26 ዓመት በኋላ። ቦናሊ ልጅ ሳለች ጂምናስቲክ የሠራች ናት፤ ግልብጡ ከዚያ የመጣ ነው። የከለከሏት ሰዎች ያዩት አደጋ ነበር፤ እሷ ግን በሌላ ወለል ላይ ተምራ የጨረሰችውን ነው ይዛ የመጣችው።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን እንመለስ። የኋሊት ግልብጥ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ አሮጌ ፍራሽ ላይ የሚገለባበጡ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ ብዙዎችን አሠልጥኗል፤ ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለው ቡድን ኢትዮጵያውያን አክሮባቶችን በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች አሳይቷል። በአየር ላይ ሰውነትን መቆጣጠር የሚያውቅ ወጣት አለን ማለት ነው። በጎማ መንሸራተት የሚያውቅ ወጣትም አለን። ሁለቱን የሚያገናኝ ቤት ነው የሌለን።

በበረዶ ስፖርት የሞከረ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ ስኪን የተማረው በዚያው በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነው። በ2006 ቶሪኖ፣ ከዚያም በ2010 ቫንኩቨር በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በረዶ ስላልነበረው አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ ያለው ስኪ አጥልቆ በአስፋልት ላይ፣ በመኪና መሀል ይለማመድ ነበር። ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር። ባንዲራ ይዞ ከመግባት ሌላ ብዙ ያተረፈ አይመስለን ይሆናል፤ እኔ ግን አንድ ነገር በተግባር አረጋግጦልናል እላለሁ። በረዶ የሚጠይቅ ስፖርት በጎማ ሊለማመዱት ይቻላል።

ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ብዙዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የወጣቶች ስብስብ ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኮንክሪት ስኬት ፓርክ ሠራ፤ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የተባሉት ሴቶች ደግሞ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። መንገድ ለሰው የተባለው መኪና የማይገባበት ቀን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር እሑድ ጠዋት መንገዱን በመጀመሪያ ከሞሉት መካከል ስኬቲንግ ያጠለቁ ልጆች ነበሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ሰፊና ለስላሳ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘርግቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም መተላለፊያ መንገድ መለማመጃ አይሆንም። ሽማግሌ በሚሄድበት፣ ሕፃን በሚሮጥበት ቦታ ዝላይ መሞከር ለዘላዩም ለአላፊውም አይበጅም፤ ስለዚህ ጥበቃ ያባርራቸዋል፣ እነሱም ወደ አይሱዙው ኋላ ይመለሳሉ።

ልደታ ይህን ከሌላው ሰፈር ይበልጥ ሊረዳ ይገባዋል። ከቦሌ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላኖች የሚነሱት ከልደታ ሜዳ ነበር፤ ኦልድ ኤርፖርት የሚለው ስም የዚያ ቅሪት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶችን ለማምጣት ሲወስን የልደታ ሜዳ ተዳፋትነትና አፈሩ አልፈቀደም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ሲመጡ ያረፉት አዲሱ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ ማንም አብራሪዎቹን “ይበልጥ ደፋር ሁኑ” አላላቸውም። ሜዳ ሠሩላቸው።

በረዶ ይሠራ አልልም። 30 በ60 ሜትር የሆነ በረዶ ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ለማቆየት የሚያስፈልገው መብራት ለዚህች ከተማ ቅንጦት ነው። ነገር ግን አክስል፣ ሳልኮው፣ ሉትዝ ሁሉ በጎማም ይዘለላሉ። አርቲስቲክ ሮለር ስኬቲንግ ይባላል፤ የዓለም ሻምፒዮናው ከ1947 ጀምሮ አለ፣ ጣልያኖችና ስፔኖች ይበረቱበታል። ጫማው ከበረዶው ጫማ ይከብዳል፣ ጎማው እንደ ብረት ጠርዝ አይነክስም፣ ስለዚህ ባለ ሦስት ዙር ዝላይ እዚያ የዓለም ሻምፒዮኖች ደረጃ ነው። አንድ ዙር ግን የአሥር ዓመት ልጅ ይማረዋል። የሚፈልገው 20 በ40 ሜትር የሆነ ለስላሳ ሲሚንቶ፣ ዝናብ የሚከልል ጣሪያና የሚያርም ሰው ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ሌላ ብዙ ነገር አለ የሚል ሰው ይኖራል። ሩጫ አለን፣ ሩጫ ወለል አይጠይቅም ይባላል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁላችንም እናነሳለን፤ ክቡር ዘበኛ እንደነበረና ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እንዳሠለጠነው ግን እንዘነጋለን። ያ ድል ተቋምና አሠልጣኝ ነበረው። ደግሞም ከመኪና ኋላ የሚንጠለጠለውን ልጅ ማባረር ብቻ ከመኪናው አያላቅቀውም፤ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ካለው ግን ይሄዳል።

ከተሠራ በጥንቃቄ ይሠራ። ከበረዶው ዓለም የምንወስደው የመጀመሪያው ሕግ የዕድሜ ገደቡ ይሁን፤ አጥንቱ ያልጠነከረ ልጅ ለጭብጨባ ብሎ ሦስት ዙር እንዳይሞክር። ሁለተኛው ግልጽ ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዋጋው ታውቆ፣ ልጁ ከየት ወዴት እንደደረሰ ራሱ እንዲቆጥር። ለአስተራረፍ ከዙር እኩል ዋጋ ይሰጥ። ከሰርከስ ቤቶች አውሮፕላን ሳይሳፈሩ የሚገኙ አሠልጣኞች አሉ፤ መውደቅን ማስተማር ያውቃሉ፣ እሱም የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የልደታ ክፍለ ከተማ የወጣቶችና ስፖርት ኃላፊዎች፣ የሚቀጥለውን በጀት ስታዘጋጁ 800 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ወለል አስገቡበት። በወረዳ ስብሰባ የምትቀመጡ ወላጆችም፣ ሜዳ ይሠራልን ከማለት አልፋችሁ፣ መጠኑንና ጣሪያውን ጠቅሳችሁ ይህንኑ ጠይቁ።